«የተፈጥሮ ነው» ብዬ እህቴን ልጎዳት ነበር

ይህን የምጽፍላችሁ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ሐኪም አይደለሁም፣ ሳይንቲስትም አይደለሁም። ጥፋቴን ልናዘዝ ነው። በክፋት የሠራሁት ቢሆን ኖሮ አንገቴን ደፍቼ ዝም እል ነበር። የሠራሁት ግን በፍቅር ነው። በፍቅር የሚሠራ ጥፋት ደግሞ ስንቱ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ዝም ማለት አቃተኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ታላቅ እህቴን «እትዬ» ነው የምላት። እናታችን ስታርፍ እኔ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብተር የገዛችልኝ፣ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ፈተና ስፈተን ግቢው በር ላይ ጃንጥላ ይዛ የጠበቀችኝ እሷ ናት። ይቺ እህቴ በ39 ዓመቷ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የሚያክል ጠጣር ነገር በጣቷ ነካች። አላመማትም። ስላላመማት 5 ወር ዝም አለች። እኔ ስሰማ ሽምብራው ሎሚ ሊያክል ተቃርቧል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንቺን ላስጨንቅሽ?» አለችኝ። እትዬ እንዲህ ናት።

ናሙና ተወሰደ፣ ውጤት መጣ፤ የጡት ካንሰር። ሐኪሟ መንገዱን ዘርዝረው ነገሩን። መጀመሪያ ኬሞ፣ ቀጥሎ ኦፕራሲዮን፣ ከዚያ ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ታሞክሲፌን የሚባል ኪኒን። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁሉ የመጀመሪያው የጡት ካንሰር መሆኑን፣ በጊዜ ከተደረሰበት ግን ብዙዎች እንደሚድኑ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የአክስቴ ልጅ የላከችው ብልቃጥ

ካንሰር ቤት ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ መጣች። ሌላዋ ጤና አዳም፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝ! ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ መድኃኒት ፍለጋ ያዝኩ። አንድ ቀን አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። «ኦቶፋጂ» ይላል። ሰውነታችን ራሱን የሚያጸዳበት ምስጢር ነው ይላል። አንድ ጃፓናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት የተሸለመበት ነው ይላል። እርድ ይህን ምስጢር ይቀሰቅሰዋል፣ ያኔ ሰውነት ካንሰሩን ራሱ ይበላዋል ይላል። ኖቤል ሲባል ማን ይጠራጠራል?

ዋሽንግተን ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። በሰው እጅ ሁለት ብልቃጥ ላከችልኝ። ከእርድ የተጨመቀ፣ ቁንዶ በርበሬ የተጨመረበት እንክብል ነው። መለያው ላይ «መቶ በመቶ የተፈጥሮ» የሚል አለበት። ለእትዬ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት እሰጣት ጀመር።

«ለዶክተሯ እንንገራቸው እንዴ?» አለችኝ የመጀመሪያ ቀን።

«እትዬ ደግሞ! እርድ እኮ ነው። አልጫ ውስጥ ስንበላው የኖርን። ዝም ብለው ይቆጡናል።»

ዋጠችው። እኔ ከሰጠኋት መርዝም ቢሆን ትውጥ ነበር።

ሦስተኛው ኬሞ ሲደርስ እንደተለመደው የደም ምርመራ ተደረገ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። የጉበቷ ኤንዛይም ከፍ ብሏል። «ኬሞው ለዛሬ ይቆያል» አሉ። ቀዩን መድኃኒት ከሰውነት የሚያስወግደው ጉበት ስለሆነ፣ ጉበት ታሞ ቢሰጥ መድኃኒቱ ራሱ አደጋ ይሆናል። ከዚያ እትዬን ቀና ብለው አዩዋትና ጠየቋት።

«ከኛ መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?»

እትዬ ዞር ብላ እኔን አየች። ከዚያ «የለም» አለች።

እህቴ ስትዋሽ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። የዋሸችው እኔን ላለማስቆጣት ነው። ሕይወቷ ያለበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ የምታስበው ስለ እኔ ነው! ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተሰነቀረ። «ዶክተር፣ አለ። እኔ ነኝ የምሰጣት» አልኩ፤ እንባዬም አብሮ ወረደ።

ሐኪሟ አልተቆጡም። ይሻለኝ የነበረው ቢቆጡ ነው። ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስሰጣቸው መለያውን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«የተፈጥሮ ነው እኮ ዶክተር» አልኩ፣ ራሴን ለመከላከል።

«ከአራተኛው ዙር በኋላ የምሰጣትም የተፈጥሮ ነው» አሉኝ። «ከዛፍ ቅርፊት የተገኘ ነው። ልዩነቱ እኔ ስንት እንደምሰጣት አውቃለሁ። ምን እንደሚያደርጋትም አውቃለሁ። አንቺ ሁለቱንም አታውቂም።»

ራሱን የሚበላ ሴል

ያን ቀን የነገሩኝንና በኋላ ራሴ ያነበብኩትን አንድ ላይ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ኦቶፋጂ» በግሪክኛ «ራስን መብላት» ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በ1963 ነው። ሴል የምንለው ትንሹ የሰውነታችን ክፍል ያረጀና የተበላሸ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ አሲድ ባለበት ላይሶዞም በሚባል ከረጢት ውስጥ ያፈጨውና መልሶ ይጠቀምበታል። እናቶቻችን ያደረ እንጀራ አይጥሉም አይደል? ያደርቁትና ድርቆሽ ይሆናል፣ ድርቆሹም ፍርፍር ይሆናል። ሴልም እንደዚያው ነው። በደህና ጊዜ ቤቱን ያጸዳበታል፣ በችግር ጊዜ ደግሞ ርሃቡን ይሻገርበታል። ጃፓናዊው ሳይንቲስት የተሸለመው ይህ ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ በእርሾ ላይ አጥንቶ ስላሳየ ነው። ካንሰር አዳነ ብሎ የሸለመው የለም።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ካንሰርም ሴል ነው። እሱም ድርቆሽ መሥራት ያውቃል።

በ1999 ኒውዮርክ ባለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አሳዩ። የተጠቀሙበት የጡት ካንሰር ሴል በ1970 ዲትሮይት ውስጥ ከአንዲት የካቶሊክ መነኩሲት የተወሰደ ነው። መነኩሲቷ ካረፉ ስንት ዘመን አለፈ፣ ሴሎቻቸው ግን እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ላቦራቶሪ ይራባሉ። በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ቤክሊን 1 የሚባለው፣ ኦቶፋጂን የሚያስጀምረው ጂን ሥራው አነስተኛ ነው። ተመራማሪዎቹ ጂኑን ሲጨምሩላቸው ራስን የመብላቱ ሥራ በረታ፣ ሴሎቹም አይጥ ላይ ዕጢ የማውጣት አቅማቸው ቀነሰ። ስለዚህ ኦቶፋጂ ካንሰር ሳይነሳ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ተባለ።

ግን ዕጢው አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ኬሞ ሲገባ የካንሰሩ ሴል ይጎዳል፣ ይራባል። ያኔ ጓዳ ገብቶ የራሱን ዕቃ እየበላ ክፉውን ቀን ያልፋል። ኬሞው ሲያበቃ ደግሞ ብቅ ይላል። ዘበኛ የነበረው ለሌባው ስንቅ አቀባይ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። እኔ ለእትዬ «ኦቶፋጂ ይጨምራል» ብዬ የማጎርሳት እንክብል ስንቁን የሚጨምረው ለማን ነው? ለእሷ ነው ወይስ ለካንሰሩ?

ሳህን ላይ የሞተ ሁሉ ሰው ላይ አይሞትም

እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን፣ አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያለው ኢጂሲጂ፣ የወይን ልጣጭ ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል፣ ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን፣ ሁሉም በላቦራቶሪ የጡት ካንሰር ሴል ላይ ተሞክረዋል። ኦቶፋጂን እንደሚነካኩ እውነት ነው፣ ቪዲዮው አልዋሸም። ያልነገረኝ ግማሹን ነው። ያው ቅመም አንዴ ኦቶፋጂን ያስነሳል፣ አንዴ ያግዳል። እንደ መጠኑ፣ እንደ ሴሉ ዓይነት፣ አብሮት እንደሚሰጠው መድኃኒት ይለያያል። አንዱ ጋ ሴሉን ይገድላል፣ ሌላው ጋ ያተርፈዋል።

ደግሞ የመጠኑ ነገር አለ። የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በክብደት 3 በመቶ ያህል ነው። በአፍ ሲወሰድ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል፣ የገባውንም ጉበት ቶሎ ያስወግደዋል። ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሴል የሚገድለው መጠን በአልጫ የሚገኝ አይደለም።

«ለዚህ እኮ ነው ቁንዶ በርበሬ የጨመሩበት» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። በ1998 ሕንድ አገር የተደረገ ጥናት የቁንዶ በርበሬው ፒፔሪን ኩርኩሚን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን በ2000 በመቶ እንዳሳደገ አሳይቷል። የሚሠራው ግን ጉበትና አንጀት ባዕድ ነገር የሚያስወግዱበትን በር በመዝጋት ነው። በሩ ሲዘጋ የሚጠራቀመው ኩርኩሚን ብቻ መሰላችሁ? አሜሪካ ውስጥ ከእርድ እንክብል ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት በሐኪሞች ተመዝግቧል፤ ከብልቃጦቹ በርከት ያሉት ቁንዶ በርበሬ የነበረባቸው ናቸው።

የእትዬን ጉበት የጎዳው እንክብሉ ነው ወይስ ኬሞው ራሱ? ሐኪሟ «እርግጠኛ መሆን አይቻልም» ነው ያሉት። እንክብሉን አቆምን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉበቷ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ኬሞውም ቀጠለ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ካንሰሩ ያለ መድኃኒት የተቀመጠባቸው፣ እኔ ያስቆጠርኳቸው ቀናት ናቸው።

ሌላም አለ። ኦፕራሲዮኑን ጨርሳ ታሞክሲፌን ስትጀምር ሐኪሟ ብልቃጡን አስታውሰው አስጠነቀቁን። ታሞክሲፌን ራሱ ብዙ አይሠራም፤ ጉበት ኢንዶክሲፈን ወደሚባል ብርቱ መድኃኒት ሲለውጠው ነው የሚሠራው። በ2019 ሆላንድ ሮተርዳም ውስጥ ታሞክሲፌን የሚወስዱ 16 ታማሚዎች ኩርኩሚን ተጨምሮላቸው ነበር። የኢንዶክሲፈናቸው መጠን 7.7 በመቶ ወረደ። ፒፔሪን ሲጨመርበት 12.4 በመቶ ወረደ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ቁጥሩም አስደንጋጭ ላይመስል ይችላል። ግን መድኃኒቱ ቀድሞም በበቂ ለማይለወጥላት ሴት ያቺ ጎድላ የቀረችው ትንሽ ነገር ሕይወት ልትሆን ትችላለች።

ዕፅዋትን አትናቁ፣ አትመኑም

ይህን ሁሉ ስል ከተፈጥሮ የተገኘ መድኃኒት የለም እያልኩ አይደለም። ለእትዬ ሁለተኛ የተሰጣት ኬሞ ፓክሊታክሴል ይባላል። በ1962 አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ የአክስቴ ልጅ ያለችበት ከተማ ሳይሆን በምዕራብ ዳር ያለው፣ አንድ የዕፅዋት ባለሙያ ከአንድ ዛፍ ቅርፊት ልጦ ላከ። ዛፉ መርዛም ነው። ውስጡ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ተጣርቶ የታተመው በ1971 ነው። ለእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር የተፈቀደው በ1992፣ ለጡት ካንሰር በ1994። ከቅርፊት እስከ ክንድ ከ30 ዓመት በላይ! የእህቴ ዕጢ ከእንቁላል ወደ ምስር የወረደው በዚህ ቅርፊት ነው።

ያልተሳካም አለ። ሜትፎርሚንን የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። መነሻው አውሮፓ የሚበቅል ተክል ነው። በላቦራቶሪ ኦቶፋጂን ያስነሳል፣ ካንሰርንም ያዳክማል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። 3649 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ተካፈሉበት፣ ግማሾቹ ለ5 ዓመት ዋጡት። ውጤቱ በ2022 ሲወጣ ሜትፎርሚን የወሰዱትና ያልወሰዱት በጥቅሉ ልዩነት አልነበራቸውም። ሳህን ላይ ያማረ ሰው ላይ ከሸፈ።

ተስፋ ያለውም አለ። አርሜኒያ ውስጥ ካንሰራቸው የተስፋፋ 150 ሴቶች ፓክሊታክሴል ሲሰጣቸው ለግማሾቹ ኩርኩሚን ተጨመረላቸው። በ2020 የወጣው ውጤት ዕጢው ከኩርኩሚን ጋር በ51 በመቶው፣ ያለ ኩርኩሚን በ33 በመቶው እንዳነሰ ያሳያል። ግን ልብ በሉ፤ የተሰጣቸው በደም ሥር፣ በሳምንት አንዴ፣ ሐኪም ቆሞ ነው። ከድስት የተጨለፈ አይደለም።

በጣም የገረመኝ ደግሞ የክሎሮኪን ነገር ነው። የወባዋ ኪኒን! እሷና እህቷ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የላይሶዞሙን አሲድ ያዳክሙና ድርቆሹ እንዳይፈጭ ያደርጋሉ። አሜሪካ ፔንሲልቫንያ ውስጥ ሕክምናቸውን ጨርሰው በመቅኒያቸው የተኛ የካንሰር ሴል ለተገኘባቸው 51 ሴቶች ይህንና ሌላ አንድ መድኃኒት ለየብቻ ወይም አንድ ላይ ሰጥተው፣ በ2025 ባሳተሙት ውጤት የተኙት ሴሎች በአብዛኞቹ እንደጠፉ አሳይተዋል። ትንሽ ጥናት ስለሆነ ገና በሰፊው መረጋገጥ አለበት። ግን አያችሁ? እኔ ኦቶፋጂን ልቀሰቅስ ስሮጥ፣ ባለሙያዎቹ ሊያዘጉት እየሠሩ ነው። ይህን አንብባችሁ ደግሞ ክሎሮኪን ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳትውጡ! ልብን የሚያስቆም መድኃኒት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጡታችሁ ላይ እንግዳ ነገር ከነካችሁ ሳምንት አትቆዩ። ሕመም የለውም ማለት በሽታ አይደለም ማለት አይደለም። የእትዬ 5 ወር ከእኔ ብልቃጥ የባሰ ጉዳት ነበር።

ሁለተኛ፣ እርዱን በወጥ፣ ሻዩን በስኒ፣ ጥቁር አዝሙዱን በዳቦ ላይ ብሉ። ሐኪሟ ለእትዬ አልጫ አልከለከሏትም። ምግብና የተጨመቀ እንክብል ግን ለየቅል ናቸው።

ሦስተኛ፣ ፆም ኦቶፋጂን ያስነሳል ብላችሁ ኬሞ ላይ ያለ ሰው አታስርቡ። ጎረቤታችን «ካንሰሩን አስርቢው» ብላት እትዬ ሁዳዴን ልትፆም ተነስታ ነበር። የነፍስ አባቷ ናቸው «ልጄ፣ አንቺ ብዪ፣ እኛ እንፆምልሻለን» ያሏት።

አራተኛ፣ ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሩ። ቅጠሉን፣ ብልቃጡን፣ ዱቄቱን። ብትቆጡ ተቆጡ፣ ቁጣ አይገድልም። ሐኪሞችም እባካችሁ ስትጠይቁ ሳቅ በሉ፤ ፊት ጠቁሮ ሲጠየቅ ድሃ ሁሉ «የለም» ይላል።

እትዬ ዛሬ ታሞክሲፌን ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በየጊዜው ምርመራ አላት፣ በየጊዜውም ሆዴ ይረበሻል። ፀጉሯ ከድሮው ጠቆር ብሎ በቅሏል። ባለፈው እሑድ ጉንፋን ይዟት ዝንጅብል በማር አፍልቼ አቀረብኩላት። ብርጭቆውን ይዛ ትኩር ብላ አየችኝና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እንዲህ አለችኝ፦

«ለዶክተሯ ነግረሻል?»